ማሽኑ አለ፣ ተገጣሚውስ? የጋራ ማሽን ወረፋ ከዱርቤቴ እስከ ፍኖተ ሰላም

ከባሕር ዳር ወጥቶ በመራዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ በኩል ፍኖተ ሰላም የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ይዞ የተጓዘ ሰው ማሽን አያጣም። በየከተማው ቶርኖ ቤት፣ ብየዳ ቤትና ብሎኬት ማምረቻ አለ። አዝመራ ሲደርስ ትራክተሩና የበቆሎ መፈልፈያው ከቀበሌ ቀበሌ ሲጎተቱ ይታያሉ። ቡሬ ላይ ደግሞ አገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ከገነባቻቸው አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ ቆሟል። ችግሩ የማሽን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ በፈታው ነበር። ነገር ግን አንዱን ማሽን ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ አንዱን ተገጣሚ ዕቃ ደግሞ ብዙ ማሽን ይጠብቀዋል። ትራክተሩ ማሳው ዳር ደርሶ ማረሻው ሌላ ቀበሌ ይቀራል። የብረት መቁረጫው ፍሬዛ ባዶውን ቆሞ ቢላው ከጎረቤት አልተመለሰም።

ታዲያ ይህ ወረፋ በምን ይያዝ? በተግባር ያሉት መልሶች ሦስት ናቸው፤ ልማድ፣ ስልክና ደብተር፣ ሶፍትዌር። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ልማዱ ማሽኑንም ተገጣሚውንም አብሮ ያስባል፤ ሰው ሲበዛ ግን አይችለውም። ሶፍትዌሩ ሺህ ትዕዛዝ ቢመጣበት አይደነግጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቆጥረው ማሽኑን ብቻ ነው።

ከልማዱ እንጀምር። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ጥማዱ ዛሬ ለአንዱ ቢያርስ ነገ ለሌላው ያርሳል። ከሩቅ ሲያዩት ከዚህ የቀለለ ውል የለም። ጠጋ ብሎ ላየው ግን የዛሬ የፋብሪካ ዕቅድ አውጪዎች የሚጨነቁበት ነገር ሁሉ እዚያው አለ። በሬዎቹ ብቻቸውን አያርሱም፤ ሞፈርና ቀንበር፣ ማረሻና ወገል፣ ድግርና አራሽ ይፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጥማዱ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የሚስማሙት በበሬው ላይ ብቻ አይደለም። ቀንበሩ የማን ነው? ማረሻው ሲዶለዱም ማን ያስቀጠቅጠዋል? ተራው በበዓል ቀን ቢውል ይቃጠላል ወይስ ይተላለፋል? አንዱ በሬ ቢታመም የተቀበለው ቀን እንዴት ይመለሳል?

ከሁሉም የሚከብደው ማን ይጀምር የሚለው ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲርስ የመጀመሪያው የእርሻ ቀንና ሦስተኛው ቀን ዋጋቸው አንድ አይደለም። ተራው እኩል ነው፤ ቀኑ ግን እኩል አይደለም። ዕጣ ተጥሎ ወይም ዓምና ሁለተኛ የነበረው ዘንድሮ ይጀምር ተብሎ ይታረቅ ይሆናል እንጂ በሒሳብ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ወንፈልም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቀን የሠራልህ ሰው አንድ ቀን ይጠብቅብሃል። ሁለቱም የሚሠሩት ሰዎቹ ስለሚተዋወቁና ነገም ስለሚገናኙ ነው። ተጠባባቂው ሰማንያ ሰው ሲሆን ማን ለማን ስንት ቀን እንዳለበት በቃል የሚይዝ አይገኝም።

ሰማንያው ሰው የሚመጣው በመፈልፈያው ጊዜ ነው። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት፤ አቸፈር ደግሞ የበቆሎ አገር ነው። መፈልፈያው ወደ ክምሩ ይሄዳል እንጂ ክምሩ ወደ መፈልፈያው አይመጣም። ስለዚህ መንገዱ ራሱ የሥራው አካል ነው። ባለ ማሽኑ በጠሩት ቅደም ተከተል ከሄደ ጠዋት ከከተማው ምሥራቅ፣ ከሰዓት ከምዕራብ፣ በማግስቱ ተመልሶ ምሥራቅ ሲመላለስ ነዳጁንም ቀኑንም ይጨርሳል። በአቅጣጫ ከሰበሰባቸው ደግሞ ቀድሞ የደወለው ገበሬ «እኔን ዘልሎ» ብሎ ይቀየማል። በዚህ ላይ ሁለገብ መውቂያ ከበቆሎ ወደ ስንዴ፣ ከስንዴ ወደ ጤፍ ሲሸጋገር ወንፊቱ ይቀየራል፣ ፍጥነቱ ይስተካከላል። ወንፊቱ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ ያው ቆሞ መጠበቅ ነው።

ዛሬ ይህን የሚያስተናግደው ስልክ ነው። ኦፕሬተሩ ወይም ደላላው በቃሉና በደብተሩ ይይዛል፤ ሰፊ ማሳ ያለውን ያስቀድማል፤ ግማሽ ሄክታር ያለው መጨረሻ ይቀራል። ክፋት ብቻ አድርጌ አላየውም፤ ለትንሽ ማሳ ረጅም መንገድ መሄድ ለባለ ማሽኑ በእውነት ኪሳራ ነው። ግን ክምሩ ውጭ እያለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢጥል ኪሳራው ወደ ማን እንደሚዞር ግልጽ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ የተጀመረው ሄሎ ትራክተር የተባለው አገልግሎት ይህንኑ ቋጠሮ የፈታው በጥሩ መንገድ ነው ባይ ነኝ። ትራክተሩ ላይ መከታተያ መግጠሙ ብዙ ተወርቶለታል፤ ዋናው ብልሃቱ ግን ሌላ ነው። በየሰፈሩ ትዕዛዝ ሰብሳቢ ሰው አለው፤ እሱ የጎረቤታሞችን ትንንሽ ማሳ አንድ ላይ ጠቅልሎ አንድ ትልቅ ትዕዛዝ ያደርጋል። ያን ጊዜ ባለ ግማሽ ሄክታሩ ብቻውን አይለምንም። እኛም አገር «ለእርሻ» የተባለው የግሪን አግሮ ሶሉሽን መድረክ ግብዓትንና የሜካናይዜሽን አገልግሎትን በመተግበሪያ፣ በጥሪ ማዕከልና በወኪሎች በኩል ያገናኛል። ኩታ ገጠም እርሻ ባለበት ሥራው ይቀላል፤ ማሳው ተያይዟል፣ ሰብሉ አንድ ነው፣ ወንፊት መቀየር የለም። የወረፋ ሶፍትዌር ከመግዛት በፊት ኩታ ገጠሙን ማስተካከል የበለጠ ያተርፋል ብል የሚቀየመኝ የሶፍትዌር ሻጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንግባ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቶርኖና አንድ ፍሬዛ ያለው ቤት አለ እንበል። በአንድ ጠዋት ሦስት ሥራ ይመጣል። መጀመሪያ የደረሰው የወፍጮ ዘንግ ነው፤ ቶርኖ ላይ 4 ሰዓት፣ ፍሬዛ ላይ የቁልፍ ቦይ ለማውጣት 1 ሰዓት ይፈልጋል። ሁለተኛው የመፈልፈያ ትንሽ ማርሽ ነው፤ ቶርኖ 1 ሰዓት፣ ጥርስ ማውጣቱ 3 ሰዓት። ሦስተኛው ትልቅ ማርሽ ነው፤ ቶርኖ 3፣ ፍሬዛ 3። ሁሉም ቶርኖውን ጨርሰው ነው ወደ ፍሬዛው የሚሄዱት።

በመጡበት ተራ ከተሠሩ ፍሬዛው የመጀመሪያዎቹን 4 ሰዓታት ባዶውን ይቆማል፤ የመጨረሻው ሥራ የሚወጣው በ11ኛው ሰዓት ነው። አሜሪካዊው ጆንሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ለሁለት ማሽን ያወጣው ደንብ ግን እንዲህ ይላል፤ በመጀመሪያው ማሽን ላይ አጭር የሆነውን አስቀድም፣ በሁለተኛው ላይ አጭር የሆነውን ወደ ኋላ ግፋ። በዚህ ደንብ ትንሹ ማርሽ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል፣ ዘንጉ ይጨርሳል፤ ሁሉም በ9 ሰዓት ያልቃል። ሁለት ሰዓት በነፃ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የመጣው የዘንጉ ባለቤት በ5ኛው ሰዓት ይሄድ የነበረው አሁን እስከ 9ኛው ይቀመጣል። ሁለቱ ተጠቀሙ፣ አንዱ ተጎዳ። ሶፍትዌሩ ይህን «የተሻለ ዕቅድ» ይለዋል፤ ዘንጉን ይዞ ወፍጮውን አቁሞ የመጣው ሰው ግን በሌላ ቃል ይጠራዋል።

አሁን ተገጣሚውን እንጨምር። የጥርስ ማውጫ ቢላ እንደ ጥርሱ መጠን ይለያያል፤ ለአንዱ ማርሽ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። የትንሹ ማርሽ ቢላ ለጎረቤት ቤት ተውሷል፤ የሚመለሰውም በ4ኛው ሰዓት ነው እንበል። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም፤ 9 ሰዓት ብሎ ቃል ገብቷል። ትንሹ ማርሽ ከቶርኖው በ1 ሰዓት ወጥቶ ፍሬዛው ሥር ቢላ ይጠብቃል፤ ፍሬዛው እስከ 4ኛው ሰዓት ምንም አይነካም፤ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በ11ኛው ሰዓት ይሆናል። ቢላው የት እንዳለ የሚያውቅ ዕቅድ አውጪ ግን ትልቁን ማርሽ አስቀድሞ፣ ትንሹን አስከትሎ፣ ዘንጉን አሳርጎ በ10 ሰዓት ይጨርስ ነበር። 9 ተባለ፣ 11 ሆነ፣ 10 ይቻል ነበር። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ በሙሉ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ አለ።

በዓለም ዙሪያ የተሠራው ሥራ ረጅም ነው፤ እዚህ ግን ለጉዳያችን የሚሆነውን ብቻ ላንሳ። ሄንሪ ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት ያስፋፋው የአግዳሚ ሰንጠረዥ ሥዕል ዛሬም በየሶፍትዌሩ መስኮት ላይ አለ። ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1975 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያደረገው የቁሳቁስ ፍላጎት ዕቅድ ደግሞ የኮምፒውተር ዕቅድ አያት ነው፤ ለዚህ ምርት ምን ያህል ብረት፣ መቼ ይገዛ የሚለውን ይመልሳል። ማሽኑ ግን ማለቂያ የሌለው አቅም እንዳለው አድርጎ ነበር የሚያስላው። ብዙ ፋብሪካ የተሸወደው እዚያ ላይ ነው። አቅም ውሱን ነው ብሎ መነሳት ደግሞ ሒሳቡን ያከብደዋል። ፊሸርና ቶምሰን በ1963 እ.ኤ.አ. አሥር ሥራ በአሥር ማሽን ላይ የሚደለደልበት አንድ እንቆቅልሽ አሳተሙ። ትንሽ ይመስላል። የመጨረሻው መልስ 930 የጊዜ አሃድ መሆኑ የተረጋገጠው በ1989 እ.ኤ.አ. በሁለት ፈረንሳውያን፣ በካርሊዬና በፒንሶን ነው። ሩብ ክፍለ ዘመን ፈጀ ማለት ነው። ተገጣሚ ዕቃ፣ ቢላ፣ ሞልድ የሚባል ነገር በእንቆቅልሹ ውስጥ አልነበረም።

በእጃችን ሊገቡ የሚችሉት ሶፍትዌሮችስ? የሕንዱ ኢአርፒኔክስት ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የቤልጅየሙ ኦዱ ደግሞ ነፃ እትም አለው። ሁለቱም በመሠረታዊ አደረጃጀታቸው እያንዳንዱን እርምጃ ለአንድ የሥራ ጣቢያ ይመድባሉ። ጣቢያው ከተያዘ ወደ ሌላ ሰዓት ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ ይገፋሉ። ለአንድ ፍሬዛ ይህ ይበቃል። ለአንድ ፍሬዛና ለተዋሰ ቢላ ግን አይበቃም። አንዳንዱ ቢላውን ራሱን እንደ ጣቢያ አድርጎ ሊመዘግበው ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ቢላው ይቆጠራል፣ ማሽኑ ግን ይረሳል፤ ሁለት ቢላ በአንድ ማሽን ላይ በአንድ ሰዓት ይያዛሉ። ፍሬፕል የተባለው ዕቅድ ማውጫ በዚህ ይሻላል፤ አንድ ሥራ ማሽን፣ መሣሪያና ሠራተኛ በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ለመቀየር የሚወስደውንም ጊዜ ያሰላል። ፕሮግራም መጻፍ ለሚችል ሰው ደግሞ የጉግል ኦአር-ቱልስ በነፃ ይገኛል፤ አንዱን የሥራ ጊዜ በማሽኑም በቢላውም ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ «በሁለቱም ላይ አይደራረብ» ማለት ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ትልቁ ኤስኤፒ ተገጣሚውን ከሥራው እርምጃ ጋር ማሰር ይችላል፤ የአቅም ወረፋውን በትክክል ለማስላት ግን ተጨማሪ ሞጁል ይፈልጋል፤ ለዱርቤቴ ቶርኖ ቤት ማውራቱም ትርፍ ነው።

የቅያሪ ጊዜን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወፍጮ ቤት ነጭ ጤፍ ከጥቁሩ ይቀድማል፤ በርበሬና ሽሮ ለብቻቸው ናቸው። ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው ማን ቀድሞ መጣ በሚለው ብቻ ሳይሆን ማን ማንን ያበላሻል በሚለውም ነው፤ ይህን ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ስለሚያውቀው አይጣላም። ብሎኬት ማምረቻ ላይም ባለ 10፣ ባለ 15 እና ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬቶች የየራሳቸው ሞልድ አላቸው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሞልድ የሚቀይር ቤት ቀኑን ብሎን በመፍታት ይጨርሰዋል። ጃፓናዊው ሺጊዮ ሺንጎ ቶዮታ ውስጥ የአንድ ሺህ ቶን የብረት መጭመቂያ ሞልድ ቅያሪን ከ4 ሰዓት፣ መጀመሪያ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኋላም ወደ 3 ደቂቃ ያወረደው በ1969 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ብልሃቱ ማሽኑ ሳይቆም ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ ቀድሞ ማዘጋጀት ነበር። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ካይዘን የሚለው ቃል በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ አለ። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሁሉ አንድ ነገር ምረጥ ብባል የምመርጠው የዕቃ ቦታን በቀለም ምልክት ማድረግን ነው፤ ቢላው ቦታው ላይ ከሌለ ባዶ ቦታው ራሱ ይናገራል።

ሶፍትዌር ከውጭ ሲመጣ አንድ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የውጭ ቀን መቁጠሪያ። ይህ ትንሽ የሚመስል ግን ዕቅድ የሚያበላሽ ጉዳይ ስለሆነ ልቆይበት። በጎጃም ገጠር ወር በገባ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ23 በጊዮርጊስና በመሳሰሉት ቀን አይታረስም፣ አይታጨድም። ከተማ ያለው ቶርኖ ቤት ግን በአብዛኞቹ ቀናት ይሠራል። ስለዚህ ትራክተሩና ቶርኖው አንድ የሥራ ቀን መቁጠሪያ ሊኖራቸው አይችልም። ሶፍትዌሩ «በየወሩ በዚህ ቀን ዝጋ» የሚል ትዕዛዝ ይቀበላል፤ ግን በፈረንጁ ወር ነው የሚቆጥረው። ጥር 12 ጃንዋሪ 20 ነው፤ የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19፣ መጋቢት 12 ማርች 21፣ ሚያዝያ 12 ኤፕሪል 20። ቋሚ ቀን የለውም። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ዓመት ደግሞ አዲስ ዓመት ራሱ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወርኃዊ በዓላት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይዘዋወራሉ። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «ሁለት ሰዓት ላይ ና» የተባለ ገበሬና 2፡00 ብሎ የመዘገበ ኮምፒውተር ስድስት ሰዓት ይለያያሉ።

መብራትና ኢንተርኔትም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም እንደ ልብ አይኬድበትም ነበር። ወረፋውን በሩቅ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ማኅበር በዚያ ወቅት ወረፋ የለውም። ስለዚህ በእኔ ግምት እዚህ አካባቢ የሚያገለግል ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በአጭር መልዕክት ቀጠሮ የሚያሳውቅ፣ ሲያስፈልግም በወረቀት ታትሞ የሚወጣ መሆን አለበት።

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሌላ ታሪክ ናቸው፤ ብዙ አልቆይባቸውም። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተብሎ ነው የተነገረለት። ለእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ጥያቄው የማሽን ወረፋ ሳይሆን ጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ማሽኑን የሚያሠራው ነገር ከሌለ የተሻለ የማሽን ዕቅድ አይረዳውም። የቡሬው ኢንዱስትሪ ፓርክ የጋራ መገልገያዎች፣ እንደ ቀዝቃዛ መጋዘንና እንደ ላቦራቶሪ ያሉት፣ ግን ባለ ሀብት በበዛ ቁጥር ወደ ቶርኖ ቤቱ ችግር እየተጠጉ ይመጣሉ።

ብዙ ሰው «ወረፋ ከበዛ ሁለተኛ ማሽን ይገዛ» ይላል። መንገዱም አለ፤ በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ማሽን በኪራይ ግዢ ያቀርባል። የግብርና ማሽንም ከቀረጥ ነፃ ከሆነ ቆይቷል። ግን ወደ ሦስቱ ሥራዎች ልመልሳችሁ። እዚያ ቤት 11ኛውን ሰዓት ያመጣው የፍሬዛ እጥረት አልነበረም፤ የአንዲት ቢላ እጥረት ነበር። ሁለተኛ ቢላ ከሁለተኛ ፍሬዛ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ሁለተኛ ወንፊትም ከሁለተኛ መውቂያ ጋር እንዲሁ። የትኛው ተገጣሚ ስንት ሰዓት ማሽን እንዳስቆመ የሚመዘግብ ሰው ግን ስለሌለ ብድሩ ሁልጊዜ ለማሽን ይጠየቃል። ሶፍትዌር ለዚህ አካባቢ የሚያመጣው ትልቁ ጥቅም በእኔ እምነት ይህ መዝገብ ነው፤ ምርጡን ቅደም ተከተል ማስላቱ ሁለተኛ ነው።

ለዩኒየኖችና ለመሠረታዊ ማኅበራት፣ ለመርከብ ዩኒየንም ይሁን ለሌላው፣ የምለው አጭር ነው። የትራክተሩንና የመፈልፈያውን ወረፋ ከማሽኑ፣ ከተገጣሚውና ከኦፕሬተሩ ጋር በአንድ መስመር ጻፉት፤ ማን ለምን እንደተዘለለም አብራችሁ ጻፉ፤ ዝርዝሩንም በየሳምንቱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሶፍትዌር ፕሮጀክት የምትሠሩ ልጆችም የመጀመሪያ ሠንጠረዣችሁ ላይ ከ«ማሽን» ቀጥሎ «ተገጣሚ» የሚል ዓምድ አስገቡ፤ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር አድርጉት።